ኖራ ለሳኙ ሲሚንቶ የገዛ ዕለት

ስሙን የምታውቀው እናቱ ነበረች፤ እሷም ይዛው ሄዳለች። በሥራ ቦታ «ጆንያ» ነው የሚባለው። ፀጉሩ ሲነጣ፣ ከአክብሮት ይልቅ ከልማድ፣ «ጋሽ» ተጨመረለትና ጋሽ ጆንያ ሆኖ ቀረ።

ስያሜው የመጣው ከሥራው ነው። የጥንት የጡብና የድንጋይ ሕንፃዎችን በኖራ ይጠግናል፤ የተበላውን መጋጠሚያ ይሞላል፣ የተራገፈውን ልስን ይተካል። ከዚያ የለሰነውን በረጠበ ጆንያ ይሸፍንና ይጠብቃል። ጠዋት ጆንያውን ውሃ ያጠጣዋል፣ ቀትር ላይ ያጠጣዋል፣ ወደ ቤቱ ሲል ደግሞ ያጠጣዋል። ኖራ ተቻኩሎ ከደረቀ ይሰነጣጠቅና እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ቀስ ብሎ ከጠነከረ ግን የለሰነውን ሰው ቀብሮ፣ የልጅ ልጁንም ቀብሮ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሥራ በዚህ ዘመን ማን ይወዳል? ዘመኑ የሲሚንቶ ነው። ዛሬ ለጥፈህ ነገ ታስመርቀዋለህ፤ ከነገ ወዲያ ሲሰነጠቅ ጥፋቱን በዝናብ ታሳብባለህ። ከተማዋም ብትሆን አሮጌ ሕንፃዎቿን የምትወዳቸው በፖስተር ላይ ነው፤ በአካል ስታገኛቸው ግንባራቸው ላይ ማስታወቂያ ትለጥፋለች፣ ግርጌያቸው ላይ ትሸናለች።

የድሮው ፍርድ ቤት ጥገና «ተጠናቀቀ» በተባለ ጊዜ፣ የተጠናቀቀው በመግለጫ እንጂ በግድግዳ አልነበረምና፣ ሪባን ሊቆርጡ ባለሥልጣን ሲመጡ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ገና ጆንያ ለብሶ ነበር። ኢንጂነሩ ስለ ኖራ ከጋሽ ጆንያ አብልጦ የሚያውቅ፣ ባለሥልጣንን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚፈራ ሰው ነበር፤ እጁን እያሻሸ ቀረበው።

«ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ እናንሳው። ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ።»

«ፀሐዩን አታየውም እንዴ? ለአንድ አፍታ ቆዳህን ብገፍፍህ ትስማማለህ?»

«እንዴ ጋሼ፣ ታዲያ ጆንያ ይመርቁ?»

«ከዚህ የባሰ ስንቱን መርቀዋል።»

ሪባኑ ጆንያ ፊት ተቆረጠ። በማግስቱ ጋዜጣው ጆንያውን «ዘመናዊ የመከላከያ ሽፋን» አለው። ጋሽ ጆንያ ጋዜጣውን ለሚስቱ ይዞላት ገባ፤ እሷም እየሳቀች አነበበችለት። ሽፋኑን የጠገነችው እሷ ነበረቻ።

ጆንያዎቹን ሁሉ በመርፌና በሲባጎ የምትጠግነው ሚስቱ ነበረች። «የሰው ባል ለሚስቱ ቀሚስ ያሰፋል፤ የእኔው ለግድግዳ ያሰፋል» ትለው ነበር። ከታጩ በኋላ አንድ ትልቅ ግንብ ጀምሮ ስለነበር፣ ግንቡ ሳይደርቅ አላገባም ብሎ ዘመዶቿን ሁሉ አሳብዷቸዋል። ለጓደኞቿ «የሚጠብቀው ሊያገባኝ ሳይሆን ሊያደርቀኝ ነው» ብላ ነገረቻቸው፤ ቀልዱም በየሠርጉ ሲደገም ኖረ። ምላሷ ሰላ ያለ ነው፤ ግን አልሄደችም፣ ጠበቀችው። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ልጅቱ በኖራ ሽታ አድጋ፣ አግብታ፣ ከከተማዋ ማዶ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ትኖር ጀመር።

ከዚያ ሚስትየው መተንፈስ አቃታት። የሕመሟን ምክንያት ከሐኪሙ በቀር ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር። አንዱ «የጆንያ ብናኝ ነው» አለ፤ ሌላው «ብርድ ነው» አለ፤ የፊት ለፊቷ ጎረቤት ደግሞ «ቅናት ነው፣ ቅናት ሳንባ ላይ ነው የሚያርፈው» ብላ አረፈች። ሆስፒታል ገባች። ብዙ ተኛች። አንድ ቀን ሐኪሙ ባልየውን ወደ ኮሪደሩ ጠራው።

«ተሽሏታል ማለት ይቻላል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ትወስዷታላችሁ፤ አልጋው ይፈለጋል። ግን የምትተኛበት ክፍል አቧራ እንዳይኖረው። እርጥበትም እንዳይኖረው። እርጥብ ክፍል ከገባች እዚህ የሠራነው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

ጋሽ ጆንያ አንገቱን ነቀነቀና ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ በአንድ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ማድ ቤትም ነው፤ ምድጃው ይጨሳል። ሁለተኛው መኝታ ቤታቸው ነው፤ በመስኮቱ ሥር የሚስቱ አልጋ፣ ካልጋው ጀርባ ደግሞ የውጪው ግድግዳ። የከተማውን ግድግዳ ሁሉ ሲያለብስ የኖረው ሰው የራሱ ግድግዳ ራቁቱን ነበር። ልስኑ ከተራገፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ከጡቦቹ መሐል የደቀቀ ኖራና አሸዋ ትራሷ ላይ እየወረደ ስንት ጊዜ አራግፋዋለች። «ነገ» ይላት ነበር። ለፍርድ ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለባቡር ጣቢያው ቀን ነበረው፤ ለገዛ ትራሱ «ነገ»።

ልጅቱ መፍትሔ አላት። «እኔ ጋ ትምጣ» አለች። «ደረጃው አጠገብ ያለችውን ክፍል አጸዳላታለሁ።»

ክፍል የተባለችው የመተላለፊያው ጥግ ናት፤ ሕንፃው ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ በሯ ላይ ያልፋል። ሚስትየው ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሰማች።

«የሰው መተላለፊያ ላይ ተጋድሜ አልፎ ሂያጁ ሁሉ ‹እንዴት አደሩ እማማ› ሲለኝ አልውልም» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ቤቴ ውሰደኝ። መስኮቴ ሥር። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

«እወስድሻለሁ» አለ።

ቃል ገባ። ገብቶም ከግድግዳው ፊት ተቀመጠና አሰበ። በኖራ ቢለስነው፣ አንዱ ድርብ እስኪጠነክር መጠበቅ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ የመጨረሻው ስስ ልባስ፤ ሁሉም በረጠበ ጆንያ ሥር። ሳምንት የማይበቃው ብቻ አይደለም፤ እርጥበት የተከለከለች ሴት ካልጋዋ ጀርባ ውሃ የሚንጠባጠብ ጆንያ ሊሰቀልባት ነው። እንዳለ ቢተወው አቧራ ነው። የፊተኛው ክፍል ጭስ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የጨነቀው ኖራ ለሳኝ ደግሞ ሲሚንቶ ይገዛል።

ሊገዛ የሄደው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ሱቅ አይደለም። ከሰው ሚስት ጋር ሊማግጥ እንደሚሄድ ወንድ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ስቦ፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለ አንድ መጋዘን ሄደ። ግን ከተማ ትልቅ የሚሆነው ወዳጅ ስትፈልግ ነው፤ ስትደበቅ ጠባብ ናት። ባለመጋዘኑ ድሮ ለቤተ መጻሕፍቱ ጥገና ሲሚንቶ ጭኖ መጥቶ፣ ጋሽ ጆንያ ከነጭነቱ በር ላይ የመለሰው ሰው ሆኖ ተገኘ።

«ጋሽ ጆንያ ነህ ወይስ መንትያው?»

«መንትያው ነኝ።»

«ታዲያ ወንድምህ ይህን ቢያይ ምን ይልሃል?»

«ሞቷል። ጫንልኝ።»

ባለመጋዘኑ ሊስቅ አፉን ከፈተና የሰውየውን ፊት አይቶ ዘጋው። «የድሮ ጡብ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሻጭ ነኝ» አለና ራሱ ተሸክሞ ጋሪው ላይ ጫነለት።

ሥራው ባንድ ቀን አለቀ። ጋሽ ጆንያ ሲሚንቶ ባይወድም እጁ አልጠላውም፤ ልስኑ እንደ መስታወት ተዘረጋ። ሲደርቅ፣ ተወልውሎ እንዲጸዳ ብሎ፣ በዘይት ቀለም ቀባው። አላወቀም እንዳይባል ያውቃል። አሮጌ ጡብ ከመሬቱም ከዝናቡም ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን የሚያወጣው በኖራው በኩል ነው። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ስትደርብበት አፉንም አፍንጫውንም ደፈንከው። ይህን ለስንት ሰው አስተምሯል፣ በዚህ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቷል። አሁን ግን ዝናቡ ገና ነው ብሎ አሰበ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው ብሎ አሰበ፣ እሷ ትንሽ ስትጠነክር አንስቼው በኖራ እተካዋለሁ ብሎ አሰበ። የሚያውቅ ሰው ራሱን ማታለል ሲጀምር ከመሃይሙ ይብሳል፤ ማስረጃ እየጠቀሰ ነዋ የሚያታልለው።

ሚስቱ ገባች። በልጇ ትከሻ ተደግፋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመችና ዙሪያውን አየች።

«ጆንያው የታለ?»

«አላስፈለገም።»

«አንተ ጆንያ ሳትሰቅል? እኔ ስተኛ አንተ ነህ እንዴ የታመምከው?»

«አዲስ ዓይነት ኖራ ነው። ቶሎ ይደርቃል።»

አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። «ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ እጇን ሰበሰበችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ደህና ቀናትም ነበሩ። ሾርባዋን ትጨርሳለች፤ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሰው አረማመድ እያየች ስም ታወጣለች፤ አንዱን «ቤቱ የተቃጠለ»፣ ሌላውን «ብር ወድቆ ያገኘ» ትለዋለች። ጋሽ ጆንያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከሥራ ቀደም ብሎ መውጣት ጀመረ። ግንበኞቹ «ጋሽ ጆንያ ሚስት አገባ» እያሉ ሲያፌዙበት ፈገግ ብሎ ያልፋቸዋል።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ያን ዓመት ከልማዱ ቀድሞ ነው የመጣው፤ የመጣውም አድሮ የሚሄድ እንግዳ ሆኖ አይደለም። የሕንፃው አሸንዳ ድሮ የተሰበረ ነበርና ውሃው በውጪው ግድግዳ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጡቡ ጠጣ። ጠጥቶም መውጫ አጣ። መጀመሪያ ከግድግዳው ግርጌ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ታየ። ቀጥሎ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ካልጋዋ ራስጌ ጀርባ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ወጣ፤ ነጥቡ ሰፋ፤ ክፍሉ ተዘግቶ የኖረ ሳጥን ሽታ ሸተተ።

ጋሽ ጆንያ በየማለዳው፣ እሷ ሳትነቃ፣ ጨርቅ ይዞ ይነሳል። አልጋውን ሳያንቀሳቅስ እጁን አሹልኮ ጥቁሩን ይጠርጋል፣ ላቡን ያደርቃል፣ ጨርቁን በር ላይ ይጨምቃል። ማታ ደግሞ እንዳለ ተመልሶ ይጠብቀዋል። መስኮቱን ሲከፍት ብርዱ ያስላታል፤ ሲዘጋው እርጥበቱ ያስላታል። ሳሏ ከደረቷ ወደ ሆዷ ወረደ። ለመንገደኞቹ ስም ማውጣቷን ተወች።

ልጅቱ ልትጠይቃት መጥታ አንሶላ ልትቀይር አልጋውን ሳብ ስታደርግ አየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ላብ ነው።»

«የማን ላብ?»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ግድግዳውን በጥፍሯ ፋቀችው፤ አሸተተችው። «እኔ በኖራ ሽታ ነው ያደግሁት። ይሄ ኖራ አይደለም» አለች። «ሲሚንቶ ነው?»

«ነው።»

«ለማያውቁህ ሰዎች ፍርድ ቤት ከባለሥልጣን ጋር ትጣላለህ፤ ለእናቴ…»

«ተይው» አለች እናትየው ከትራሷ። ዓይኗን አልገለጠችም። «እኔ አውቄ ነበር።»

ሁለቱም ዞሩ።

«የነካሁት ዕለት ነው ያወቅሁት። ዕድሜ ልኬን ልብሱን ያጠብኩለት ሰው፣ ኖራና ሲሚንቶ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?»

ሳሏ እስኪያልፍ ጠበቁ። «ለሠርጉ እንኳ አልቸኮለም» አለች። «በዕድሜው አንዴ ቸኮለ፤ እሱም ለእኔ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጋሽ ጆንያ ጨርቁን እንደያዘ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቢሰድቡት የሚችል ሰው ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲሰደብ ኖሯል። ይህን ግን የሚያኖርበት ቦታ አጣ።

በማግስቱ ወደ ልጅቱ ቤት፣ ወደዚያች የመተላለፊያ ክፍል ወሰዷት። እሱም መሮና መዶሻ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ሲሚንቶው ብቻውን አልወጣም። ጥርሱን የነከሰበትን የጡቡን ፊት ገንጥሎ ይዞ ነው የወደቀው፤ የተራቆተው ጡብ ለስላሳና ቀይ፣ ገላው እንደተላጠ ሆኖ ታየ። ግድግዳው ያጠራቀመውን ውሃ እስኪተነፍስ ጠበቀው። ከዚያ ኖራውን አሸ፣ የመጀመሪያውን ድርብ ለሰነ፣ ጆንያውን ሰቀለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጋሽ ጆንያ በጉልበቱ ተንበርክኮ እየለቀመ ነበር።

በየምሽቱ ከተማዋን አቋርጦ ይሄዳል። ሚስቱ የእግሩን ኮቴ ከመተላለፊያው ኮቴ ሁሉ ለይታ ታውቀዋለችና ገና በሩን ሳይነካ ትጠይቀዋለች።

«ደረቀ?»

«ገና ነው።»

«የተቀደደ ጆንያ አለ? አምጣልኝ፣ እጄ ቦዝኗል።»

«የለም» ይላታል። ሁሉም ተቀዳደው ነበር፤ ግን ብናኙን ፈራ።

ቀኑን ሙሉ ያ የፈራችው ነገር ይደርስባታል። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሲወርዱ «እንዴት አደሩ እማማ»፣ ሲወጡ «እንዴት ዋሉ እማማ»። በጎ ሰዎች ነበሩ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ አንዷ እንዲያውም በየቀኑ ቆማ ስለሞቱት ዘመዶቿ በዝርዝር ታጫውታታለች።

ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አያት። ሲወጣ ልጅቱ ደረጃው ድረስ ሸኘችውና ተመለሰች፤ አባቷን ከበሩ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«‹ከእንግዲህ የወደደችበት ትሁን› ብሏል። አባዬ፣ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

የገባው ሰው የሚያደርገውን ግን አላደረገም። ያን ምሽት ሚስቱ እጁን ያዘችውና «እንዳለ ውሰደኝ» አለችው። «ጆንያውም ይሰቀል። የሰፋሁትን እያየሁ እውላለሁ።»

«የመጨረሻው ልባስ ገና እርጥብ ነው። ያምሻል።»

«ከዚህ ይብሳል?»

«ያን ጊዜ ቸኩዬ ምን እንደሆንሽ አየሁ። ሁለተኛ አልቸኩልም። ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፤ ደረቅ ቤት ነው የማስገባሽ።»

ልጅቱ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ እናትየው ቀደመቻት።

«እሺ» አለች፣ ሳቅ እንደማለት ብላ። «አንተን መታገስ ለምጃለሁ።»

ስለሚቸኩል ሰው ተረት የተረፈ ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ኪሱ ውስጥ አንድ አለው። ስለሚዘገይ ሰው ግን የተናገረ የለም። ጋሽ ጆንያም አንዴ የጣሰውን ሕጉን እንደ ንስሐ ገቢ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ጠዋት አራሰ፣ ቀትር አራሰ። ከኖራው አንዲት ስንጥቅ እንዳትወጣ ሻማ አስጠግቶ መረመረ። ሥራው ከፍርድ ቤቱም፣ ከጣቢያውም ይበልጥ ነበር፤ ጡቡ ከልስኑ ሥር መተንፈስ ጀምሯል፣ ክፍሉ የሳጥን ሽታውን ለቅቋል።

ሚስቱ የሞተችው አንድ ጠዋት ነው። መተላለፊያው ውስጥ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ወደ ሥራ እየወረዱ ነበር፤ አንዱ እንደ ልማዱ በተከፈተው በር «እንዴት አደሩ እማማ» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ አለፈ። ጋሽ ጆንያ የልጁ ባል መጥቶ ሲነግረው ባልዲ ይዞ ነበር። እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ፣ እንደረጠበ፣ ከተማዋን አቋርጦ ሄደ። ልጅቱ እጅጌውን አየችው።

ከቀብር በኋላ ሰው ወደ ቤቱ መጣ። ሁለቱ ክፍሎች አልበቁም፤ ወንበርና አግዳሚ ከየጎረቤቱ ተሰብስቦ መኝታ ቤቱ ዙሪያውን ተደረደረ። ጆንያዎቹን አንድ ሰው፣ ለእንግዳ አይመችም ብሎ፣ አውርዶ ደጅ ጥሏቸዋል። የመጡት ለቀስተኞች ለቀስተኛ የሚለውን ሁሉ አሉ። «አረፈች» አሉ፤ «ተገላገለች» አሉ፤ ቅናት ሳንባ ላይ ነው የሚያርፈው ያለችዋ ጎረቤት ከሁሉም ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ የሚባለው አለቀና ሰዉ ዙሪያውን ማየት ጀመረ።

ከዚሁ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ የመጣ አንድ ጡረተኛ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «ይሄ ቤትስ እንዴት ያለ ነው» አለ አጠገቡ ላለው። «ውጪው እንደዚያ እየዘነበ፣ እዚህ ሙቀት አለ።»

«አትደገፉት» አለ ጋሽ ጆንያ።

ከጠዋት ጀምሮ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር። ጡረተኛው ደንግጦ ቀና አለና በእጁ ዳበሰው። «ደርቋል እኮ፣ ወንድሜ።»

«ላዩ ነው። ውስጡ ገና ነው።»

ተያዩ። አንዱ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ ቀጥሎ ያለውም ሳበ፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ብድግ ብለው አግዳሚውን ወደ መሐል አስጠጉና፣ መደገፊያ አጥተው፣ ጀርባቸውን አቅንተው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። መስኮቱ ሥር የነበረችው ልጁ ጥቂት አየችው። ከዚያ ተነስታ፣ ባዶውን አልጋ በሁለት እጇ ይዛ፣ ግድግዳውን እንዳይነካ በትንሹ አራቀችለት።